ኪሮስ ለጥገና የሰጠው ጌም

ቆቦ ላይ፣ ከዋናው አስፋልት ዳር፣ ባጃጆች ተሰልፈው ሰው ከሚጠሩበት ትንሽ ወረድ ብሎ፣ ሰማያዊ ቀለም የተቀባች የቆርቆሮ ሱቅ አለች። ባለቤቷ ፍሬሕይወት ትባላለች። ሞባይል ትጠግናለች፤ ሬዲዮ፣ የእጅ ባትሪ፣ የሶላር መብራትም ከመጣላት አትመልስም። እኛ የድሮዎቹ፣ ሬዲዮ ጥልፍ ጨርቅ ለብሶ እንደ እንግዳ ከፍ ካለ ቦታ ሲቀመጥ ያየን ሰዎች፣ ሴት ልጅ ሆዱን ገልብጣ በካቻቢቴ ስትጎረጉረው መጀመሪያ ላይ ቆመን እናያት ነበር። አሁን ለምደናል። እንዲያውም ስልካችን አልበራም ካለን ከልጆቻችን ይልቅ እሷን ነው የምናምነው።

የምናምንበት ምክንያት አለን። በዚያ የሽሽት ዓመት፣ ጦርነቱ ቀርቦ ከተማው ባዶ ሊቀር ሲል፣ ሁሉም የራሱን ፍራሽና ድስት ሲቋጥር፣ ፍሬሕይወት የደንበኞቿን ዕቃ በብስኩት ቆርቆሮ ከታ ከጓሮዋ ፓፓያ ሥር ቀበረችው። የራሷን ቴሌቪዥን እንኳ እንደ ተሰቀለ ትታው ነው የወጣችው። ስትመለስ ቴሌቪዥኑ የለም፤ የሱቋ በርም የለም። ፓፓያው ግን ነበረ። ቆፍራ አወጣችና እያንዳንዱን ለባለቤቱ መለሰች። አንዳንዱ ስልኩን ሲቀበላት አቅፏት አልቅሷል፤ ቤቱ ተራቁቶ የቀረው ያ ስልክ ብቻ ነበርና።

ባለቤት ያልመጣለት አንድ ዕቃ ቀረ። የእጅ ጌም ነው። ከመዳፍ ትንሽ የሚበልጥ፣ መሐሉ ላይ ስክሪን፣ ግራና ቀኝ ቁልፎች ያሉት፣ መጀመሪያውኑም ሌላ ሰው ተጫውቶ የሸጠው አሮጌ ዕቃ። ፍሬሕይወት በእያንዳንዱ ዕቃ ላይ የባለቤቱን ስም በፕላስተር ትለጥፍ ነበር፤ የዚህን ግን የመሬቱ እርጥበት በልቶት ፕላስተሩ ነጭ ልጣጭ ብቻ ሆኖ ወጣ። የማን እንደ ሆነ ብታስብ ብታስብ አልመጣላትም። ያ ጊዜ ከአእምሮዋ ብዙ ነገር ወስዷል። መደርደሪያው ላይ አስቀመጠችው። ከዚያ ወዲህ ማሽላው ተዘርቶ ታጨደ፣ ደግሞም ተዘርቶ ታጨደ፤ ጌሙን ብሎ የመጣ አልነበረም።

ዘንድሮ ጥቅምት ሲጠባ ባለባጃጁ ጀሚል ዐይኑን ጣለበት። ልጁ ረውዳ በለስ ልትቆርጥ ግንብ ላይ ወጥታ ወድቃ እግሯ በጀሶ ታስሮ ነበር።

«ፍሬ፣ ይቺ ጌም ጡረታ ወጥታ ነው እዚህ የተቀመጠች?» አላት።

«የሰው ናት። ተዋት።»

«የሰው ብትሆንማ ሰው ይፈልጋት ነበር። ያቺ ልጅ ቤት ውስጥ ሰው እየበላች ነው። ቀኑን ሙሉ ጣራ ጣራ ታያለች፤ እናቷን ታስለቅሳታለች፣ እኔን ትሰድበኛለች። ወላሂ ትናንት ‹ባጃጅህም አንተም አሮጌ ናችሁ› አለችኝ።»

«ውሸቷን ነው እንዴ? እስቲ መጀመሪያ ባጃጅህን እጠባት።»

ሳቁ። ከሳቁ በኋላ ግን ፍሬሕይወት ጌሙን አነሣችው፤ ሕፃን ልጅ ተኝታ እያለች መደርደሪያ ላይ አቧራ የሚጠጣ ዕቃ ትዝብት መስሎ ታያት። ባለቤቱ ከመጣ ሌላ እገዛለታለሁ አለችና ተስማማች።

«አደራሽን ግን» አለ ጀሚል፤ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፤ «ጨዋታ ስትመርጪላት ተኩስ ያለበት አይሁን። ረውዳ ከዚያ ዓመት ወዲህ በር ሲላተም እንኳ አልጋ ሥር ነው የምትገባው። አሁን ደግሞ በጀሶ ልትገባም አትችል።»

ፍሬሕይወት በማግስቱ ጠረጴዛዋን ጠረገችና ጌሙን ፈታችው። ባትሪው አብጦ ሆዱ እንደ ተነፋ እንቁራሪት ሆኗል፤ አውጥታ በሌላ ተካችው። በቦርዱ ላይ እርጥበት የተከለውን አረንጓዴ ዝገት በሎሚ ጭማቂ አርሳ፣ በስፕሪት አጥባ፣ በጥርስ ብሩሽ ፈተገችው። ከዚያ ወደ ቁልፎቹ መጣች። ቁልፎቹ ሲጫኗቸው ገብተው የማይመለሱ ነበሩ። ከሥራቸው ያለውን ጎማ ስታነሣ ደቃቅ ብናኝ ተጠቅጥቆ አገኘች፤ አቧራ አይደለም፤ የሚያሳክክ፣ ቀላ ያለ ነገር ነው። በራያ ያደገ ሰው ይህን ብናኝ አይስተውም። የማሽላ ነው። ማሽላው ሲደርስ ከዘለላው እየረገፈ አንገት ላይ የሚለጠፈው።

በብሩሽ ጠራርጋ፣ ወረቀት ላይ ሰብስባ፣ ከሱቋ ደጃፍ ጣለችው። ቁልፎቹን በሞቀ የሳሙና ውኃ አጠበች። ሽፋኑን ስፕሪት በነካ ጨርቅ እስኪያብረቀርቅ ወለወለችው። በእጅ ላብ የጠቆረው ጎን ሁሉ ነጣ። ሥራዋን ወደደችው። ገጥማ፣ ሳታበራው፣ ባትሪው እንዲሞላ ቻርጀር ላይ ሰክታ ደጃፍ ቆሞ ወደሚጠብቃት አንድ ገበሬ ስልክ ዞረች።

ከኋላዋ ዜማ ሰማች። የተጫነ ቁልፍ የለም፤ ጌሙ ግን በራሱ በርቷል።

ገበሬው አማተበ። «ማነው ያበራው?»

«ማብሪያው ዝጎ ነው፤ አንዳንዴ ራሱን ያገናኛል» አለች ፍሬሕይወት። እውነቷን ነው፤ መሬት ውስጥ የሰነበተ ዕቃ እንደዚያ ያደርጋል። ቢሆንም የገበሬውን ስልክ ትታ ጌሙን አነሣችው።

ስክሪኑ ላይ የጨዋታ ዝርዝር አልመጣም። የመጣው አንድ ተጀምሮ የተቋረጠ ጨዋታ ነው፤ ጌሙ ሲጠፋ ካለበት፣ ሲበራ ከዚያው የሚቀጥል ዓይነት ነው። አንድ ትንሽ ሰውዬ፣ ባዶ ራሱን፣ ከአንድ ድልድይ አፋፍ ላይ አንድ እግሩን አንሥቶ ቆሟል። በላዩ ላይ ጨዋታው ለጊዜው መቆሙን የሚናገር የፈረንጅ ጽሕፈት ብልጭ ድርግም ይላል።

ያን ጊዜ ሁሉም ነገር መጣላት። ብናኙ፣ የቆመው ሰውዬ፣ ልጁ።

ኪሮስ ይባላል። ከዋጃ መለስ ብሎ ካለ መንደር የእትዬ አልጋነሽ ልጅ። ወንጭፉን አንገቱ ላይ እንደ ሻርፕ ጠምጥሞ በገበያ ቀን ይመጣ ነበር። የቤተሰቡ ሥር ከደቡብ ትግራይ ነውና አማርኛውን በትግርኛ እያዋዛ «ፍሬ ሓፍተይ» ይላታል፤ ‹እኅቴ› ማለቱ ነው። ያን ጌም ቆቦ ገበያ ላይ ከልባሽ ነጋዴ ገዝቶ፣ ማሽላ የሚጠብቅበት ማማ ላይ ይዞት ይወጣል። ጨዋታ እንድትጭንለት ሲጠይቃት ግን እንደ ሌሎቹ ልጆች ኳስ ወይም የመኪና እሽቅድምድም አላለም።

«ሓፍተይ፣ ወፍ ሲመጣ ቆሞ የሚቆየኝ ጨዋታ ስጪኝ» ነበር ያላት። «የመኪናው ጥሎኝ ይሄዳል። የኳሱ ሲገባብኝ ይውላል። ግሪሳው ሲወርድ ተነሥቼ እወነጭፋለሁ፤ ስመለስ ካለሁበት መቀጠል አለብኝ። አለበለዚያ ወይ ጨዋታው ይበላል ወይ ማሽላው ይበላል።»

እሷም ስቃ የመረጠችለት ይህን የድልድይ ጨዋታ ነበር። ኋላ ቁልፎቹ በብናኝ ሲያዙ ለጥገና አመጣው፤ «ማሽላው ሳይታጨድ አድርሺልኝ» ብሎ ሄደ። ከዚያ ሽሽቱ መጣ። ኪሮስ የቤቱን ከብቶች እየነዳ ወደ አፋር በኩል ወረደ አሉ። ከብቶቹን ያየ አለ፤ እሱን ያየ የለም። ሞተ ያለ የለም፤ አለ ያለም የለም። እናቱ በዚህ ሁሉ ጊዜ አንድም ቀን አላለቀሱም። ሰው ሊያጽናና ሲሄድ «ምን ሰምታችሁ?» ይላሉ፤ እንግዳውም ምንም አልሰማምና ተነሥቶ ይሄዳል።

የረውዳን ጨዋታዎች ለመጫን ሚሞሪው ላይ ቦታ አልነበረም። የድልድዩን ጨዋታ ማጥፋት ነበረባት። ጣቷን አቀረበች፤ ሰውዬው አንድ እግሩን አንሥቶ ያያታል። አልቻለችም። ጀሚል ሲመጣ፣ «ባለቤቱ ታውቋል። ለእናቱ ነው የምመልሰው፤ ለልጅህ ሌላ አፈላልጋለሁ» አለችው።

ጀሚል የማን እንደ ሆነ ጠይቆ የኪሮስን ስም ሰማ። ከዚያ፣ «እኔ አደርስሻለሁ» አለ። «ግን በጠዋት ይሁን፤ ከረፈደ ሥራ ይበላሽብኛል።»

ለሁለቱም ያልታያቸው ነገር እዚህ ላይ ነው። አንዲት የቆቦ ሴት ሱቋን ሳትከፍት ደርሼ ልመለስ ብላ በማለዳ ብትነሣ ምን ክፋት አለው? ቀኑ የማርያም ነበርና ቤተ ክርስቲያን ተሳልማ ስለ ወጣች ነጠላዋን እንዳጣፋች ባጃጅ ውስጥ ገባች። ጌሙን እንዲያ አጽድታው የመንገዱ አቧራ እንዳያበላሸው በነጭ ጨርቅ ጠቅልላ ጭኗ ላይ አስቀመጠችው። መንገድ ላይ አንድ ቄስ እጃቸውን አነሡ፤ ወደዚያው መንደር ደብር የሚሄዱ ናቸው። ጀሚል ቆሞ ጫናቸው። በእኛ አገር መርዶ የሚነገረው በማለዳ ነው። ነጋሪው ብቻውን አይሄድም፤ የቤተ ክርስቲያን ሰው ይዞ ነው። የጠፋ ሰውም ዕቃ ባለቤቱን ሳያስከትል በሰው እጅ ከቤት ከደረሰ ሌላ ቃል አያስፈልገውም።

መንደሩ መግቢያ ላይ ጄሪካን ተሸክመው ውኃ የሚወርዱ አንዲት ሴት አገኟቸው። ታንጉት ናቸው፤ የእትዬ አልጋነሽ ጎረቤት፣ በአካባቢው ለቅሶ ሲሆን ግጥም የሚያወጡት እሳቸው ናቸው። ባጃጁን አዩ። ቄሱን አዩ። ፍሬሕይወትን፣ ነጠላዋን፣ ጭኗ ላይ ያለውን ነጭ ጥቅል አዩ። ጄሪካኑ ከጀርባቸው ወርዶ ተንከባለለ።

«ወየው! ወየው ኪሮስ! ወየው የአልጋነሽ ብቸኛ!»

ከየቤቱ ሴቶች ወጡ። አንዷ ሻሿን ፈታች፤ አንዷ ደረቷን መታች። ፍሬሕይወት ባጃጁ ሳይቆም ዘለለች።

«አይደለም! ኧረ አይደለም! ዕቃ ልመልስ ነው የመጣሁ!»

ማን ይስማት። ጀሚልም በበኩሉ ወርዶ፣ «ጥገና ነው! ወላሂ ጥገና ነው!» እያለ ይጮኻል፤ ጩኸቱ ከዋይታው ጋር ገጥሞ እሱም የሚያለቅስ ነው የመሰለው።

ከማሽላው መሐል ከፍ ብሎ በሚታየው ማማ ላይ አንዲት ሴት ቆመው ነበር፤ ወንጭፍ በእጃቸው። ወፍ የሚበዛው በዚያ ሰዓት ነውና እትዬ አልጋነሽ ልጃቸው ከሄደ ወዲህ ራሳቸው ነበሩ የሚጠብቁት። ባጃጁ አቧራውን እያስነሣ ሲመጣ ከላይ ሆነው አይተውታል። ዋይታውን ሰምተዋል። መሰላሉን አንድ በአንድ ረግጠው ወረዱ፤ ማሽላውን በእጃቸው ከፈል ከፈል እያደረጉ መጡ። ሲደርሱ ሴቶቹ መንገድ ለቀቁላቸው።

«ማን ነገረሽ?» አሏት ፍሬሕይወትን።

«ማንም አልነገረኝም፣ እትዬ። በማርያም፣ ምንም አልሰማሁም! ኪሮስ ለጥገና የሰጠኝ ዕቃ ነው። እሱን ልመልስ ነው።»

«ቄሱስ?»

ቄሱ መስቀላቸውን እንደ ያዙ ተቅበዘበዙ። «እኔ መንገደኛ ነኝ፣ ልጄ። እግሬ አሞኝ ነው የተሳፈርሁት።»

«ታዲያ ማን ሞተና ነው የምትጮሁት?» አሉ እትዬ አልጋነሽ ወደ ሴቶቹ ዞረው። ታንጉት መሬት መሬት አዩ። ሻሽ የፈታችው መልሳ ማሰር ጀመረች።

እትዬ አልጋነሽ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ጥቅሉን ተቀበሉ። ፈቱት። ጌሙን ወደ አፍንጫቸው አስጠግተው ዐይናቸውን ጨፈኑ። መልሰው ገለጡ።

«የሆስፒታል ሽታ ነው የሚሸተው።»

«አጽድቼው ነው፣ እትዬ። በስፕሪት።»

«ወደይ እጁ ላብ ነበረው» አሉ፤ ‹ልጄ› ማለታቸው ነው። «በያዘው ነገር ሁሉ ላይ ይቀራል። ቤታችን ሲዘረፍ ልብሱን ወሰዱት፤ አጎዛውን ወሰዱት፤ ፎቶው ያለበትን ስልክም ወሰዱት። በዚህ ላይ ምን ነበረበት?»

ፍሬሕይወት መዋሸት ትችል ነበር። «የማሽላ ብናኝ ነበረበት» አለች። «ጎኑም በእጁ ጠቁሮ ነበር።»

«የት አደረግሽው?»

«ጠርጌ … ደጅ ጣልሁት።»

እትዬ አልጋነሽ ራሳቸውን ነቀነቁ። አልተቆጡም። ፍሬሕይወት ቢቆጧት ትመርጥ ነበር። ሌላ የምትሰጠው ስላልነበራት ማብሪያውን ተጫነችላቸው። ዜማው በዚያ ጸጥታ ውስጥ ቀጭን ሆኖ ወጣ፤ ሴቶቹ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አሉ። ሰውዬው መጣ፤ ድልድዩ አፋፍ ላይ፣ አንድ እግሩን አንሥቶ።

«ይህ ማነው?»

«ኪሮስ ሲጫወት ያቆመው ነው። ወፍ ሲመጣ ያቆመዋል፤ ሲመለስ ይቺን ሲጫን ከዚያው ይቀጥላል።»

«ከዚያን ጊዜ ጀምሮ እንዲህ ቆሞ ነው ያለ?»

«አዎ፣ እትዬ።»

ረጅም ጊዜ አዩት። «አይደክመውም?» አሉ።

ግሪሳው ጠባቂ አልባ በቀረው ማሽላ ላይ ሲወርድ ይሰማል፤ የሚያባርረው የለም።

«ታንጉት» አሉ እትዬ አልጋነሽ።

«እመት፣ አልጊ።»

«የጀመርሽውን ጨርሺው።»

«ኧረ እትዬ!» አለች ፍሬሕይወት፤ እግራቸው ሥር ተንበርክካ። «እኔ ምንም አልሰማሁም እኮ! ሊመጣ ይችላል!»

«አልሰማሽም፤ አውቃለሁ። ባንቺ አይደለም፣ የኔ ዓለም። እኔ ደክሞኝ ነው። ከመጣ ይምጣ፤ ያለቀስሁትን አይቀማኝም።» ሻሻቸውን ፈቱ። ፀጉራቸው ሙሉ በሙሉ ሸብቶ እንደ ነበር መንደሩ ያወቀው ያን ጊዜ ነው።

ታንጉት ተነሥተው መሐል ገቡ። መጀመሪያ ድምፃቸው አልወጣም። ከዚያ ወጣ፦

ወፍ ሲያባርር ውሎ ከማማ የወረደው፣
እህሉ ገብቶ አልቋል፣ የት ጎዳና ወሰደው።

ሴቶቹ ተቀበሉ። እትዬ አልጋነሽ ጮኹ፤ ያን ሁሉ ዘመን የተቀመጠ ጩኸት ነበር። ጀሚል ፊቱን ወደ ባጃጁ አዙሮ ቆሞ ነበር፤ ሥራው እንደ ተበላሸበት ያን ቀን አላስታወሰም። ቄሱም ደብራቸውን ትተው ፍትሐት ሊያደርሱ ቀሩ። አስከሬን የለም፤ ልብስ የለም፤ ሴቶቹ እየተቀባበሉ ከፍ አድርገው የሚያሳዩት ያ የጸዳ ጌም ነበር።

እስከ ቀትር ድረስ አለቀሱ። ሲበተኑ እትዬ አልጋነሽ የጀሚልን ልጅ ነገር ሰምተው ስለ ነበር ጌሙን ለሱ ዘረጉለት። የሟች ዕቃ ለሚያስፈልገው ይሰጣል፤ ሌላ የሚሰጡት ነገርም አልነበራቸው። ጀሚል በሁለት እጁ ሊቀበል ጎንበስ አለ።

«ልጅቷ ትጫወትበት» አሉት። «ያንን የቆመውን ግን አልሰጥም።»

ፍሬሕይወት ገባት። ጌሙን ከጎኑ ከፍታ፣ ጥፍር የምታህለውን ሚሞሪ አወጣችና በመዳፋቸው አኖረችላቸው። እሳቸውም የነጠላቸው ጫፍ ላይ፣ ሳንቲም በሚቋጠርበት ቦታ ቋጠሯት።

ሱቋ ተመልሳ ለረውዳ በአዲስ ሚሞሪ ጨዋታ ስትመርጥ አመሸች። የእያንዳንዱን ድምፅ ጆሮዋ ላይ አስጠግታ እየሰማች፣ የሚፈነዳውን፣ የሚንኳኳውን፣ በድንገት የሚጮኸውን ሁሉ ትታ፣ የሚደረደሩ ጡቦች፣ የዓሣ ማጥመጃ፣ የአትክልት ቦታ ጫነችላት። ረውዳ ወደደችው አሉ። ማብሪያውን ፍሬሕይወት ቀይራዋለች፤ ከዚያ ወዲህ በራሱ አልበራም።

ነገሩ ግን በዚያ አላበቃም። የፍሬሕይወት ወሬ ከዋጃ እስከ ጎብዬ ተዳረሰ፤ የጠፉ ልጆች ዕቃ እሷ ጋ አለ፣ ዕቃው የተገኘለትም ልጅ መርዶው ደረሰ ማለት ነው ተባለ። ከዚያን ጊዜ አንሥቶ የማታውቃቸው እናቶች ሱቋ ደጃፍ ይቆማሉ። ስልክ ይዘው አይመጡም። የልጃቸውን ስም ይናገራሉ፤ ጸጉሩ እንዲህ ነው፣ ጥርሱ እንዲህ ነው ይሏታል፤ ዐይናቸውን ከእጇ ላይ ሳይነቅሉ። በቀደም ለት የመጣችው ከጎብዬ ነበር። የልጇን ስም ተናግራ የቆርቆሮውን ጠርዝ ጥብቅ አድርጋ ያዘች።

«እሱም አንቺ ጋ የተወው ነገር አለ?»

ፍሬሕይወት መደርደሪያውን ማየት አላስፈለጋትም፤ ቢሆንም ለሴትየዋ ስትል አየችው። «የለም፣ እታለም። ምንም የለም።»

ሴትየዋ ጠርዙን ለቀቀች። «ተመስገን» አለች፤ ነጠላዋን አስተካክላ አስፋልቱን ተሻገረች።